ገበያ ሲቀዘቅዝ ቀረጡ አይቀዘቅዝም፦ የሃርጌሳ አነስተኛ የቁም እንስሳት ነጋዴ ሒሳብ

በሃርጌሳ የከብት ገበያ ሻጭና ደላላ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ምልክት ሲዋዋሉ ማየት የተለመደ ነው። ዋጋውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ገበያው ሲሟሟቅ ይህ አሠራር ለሁሉም ይመቻል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ስንት እንደገዛ፣ ስንት እንዳወጣና ማን ስንት እንዳለበት በጽሑፍ ያልያዘ ነጋዴ፣ መክሰሩን የሚያውቀው ኪሱ ባዶ ሲሆን ነው።

ይህ ጽሑፍ ገበያ ሲወድቅ የአነስተኛው ነጋዴ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚፈስና የቀረጥና የግብር ጫና ለምን በዚያው ጊዜ እንደሚከብድ ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድቀቱ ከየት ይመጣል?

የበርበራ መስመር ንግድ በጥቂት ገዢዎችና በአንድ ታላቅ ወቅት ላይ የቆመ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 የሪፍት ቫሊ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአካባቢው የሚሄዱትን እንስሳት ከለከለች። ክልከላው ላልቶ በ2000 እንደገና ተጣለ፤ የተነሣው በ2009 መጨረሻ ነው። በ2014 ከሶማሌላንድና ከሶማሊያ ወደቦች 5 ሚሊዮን ያህል እንስሳት መላካቸውን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አስታውቆ ነበር። በ2016 መጨረሻ ግን ክልከላው ተመለሰ፤ ያውም ከባድ ድርቅ እንስሳቱን በሚጨርስበት ጊዜ።

በ2020 ደግሞ በሽታው የሰው ሆነ። በ2019 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የተገኘበት ሐጅ፣ በኮሮና ምክንያት በሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ለዚያ ወቅት በግ ሲያደልብ የከረመ ነጋዴ፣ በጎቹ ጤነኞች፣ ወረቀቱም የተሟላ ሆኖ ሳለ ገዢ አጣ።

በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ቀረጥ

የሶማሌላንድ መንግሥት ገቢ በአብዛኛው ከጉምሩክ ይሰበሰባል፤ በርበራም ዋናዋ በር ናት። በመስመሩ ላይ ነጋዴው የሚከፍለው የገበያ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የመተላለፊያና የመላኪያ ክፍያ በአብዛኛው የሚቆጠረው በእንስሳቱ ቁጥር ነው። ክፍያው ነጋዴው ያትርፍ ይክሰር አይጠይቅም።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታያል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። አንድ ነጋዴ 100 በግ እያንዳንዱን በ60 ዶላር ገዛ። ለአንድ በግ ለመኪና 4፣ ለመኖና ለውኃ 3፣ ለደላላ 1 ዶላር አወጣ። ክፍያዎቹ ሳይነኩ አንድ በግ 68 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። የልዩ ልዩ ክፍያው ድምር 2 ዶላር ነው እንበል።

በጉ በ80 ዶላር ሲሸጥ ከክፍያ በፊት ያለው ትርፍ 12 ዶላር ነው፤ ክፍያው የትርፉን አንድ ስድስተኛ ወሰደ። ዋጋው ወደ 73 ሲወርድ ትርፉ 5 ዶላር ይሆናል፤ ያው 2 ዶላር አሁን ከትርፉ 40 በመቶውን ይወስዳል። ዋጋው 69 ከደረሰ 1 ዶላር ትርፍ ላይ 2 ዶላር ተከፍሎ በእያንዳንዱ በግ 1 ዶላር ኪሳራ ይመዘገባል። የበጉ ዋጋ የወደቀው 14 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ትርፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልቋል።

ዋጋው እስኪሻሻል ልጠብቅ ማለትም ወጪ አለው። አንድ በግ በቀን የ20 ሳንቲም መኖና ውኃ ከፈጀ፣ 100 በግ በ15 ቀን 300 ዶላር ይበላል፤ በአንድ በግ 3 ዶላር ነው። ለሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ዋጋው ከ3 ዶላር በላይ እንደሚጨምር ማመን አለበት። በጎቹ ከስተው የሚያጡት ዋጋ ገና አልታሰበም።

የዱቤ ሰንሰለት

አርብቶ አደሩ ለአነስተኛ ነጋዴ በዱቤ ይሰጣል፤ አነስተኛው ነጋዴ ለላኪው ያስረክባል፤ ላኪው ጂዳ ላይ ከሸጠ በኋላ ይከፍላል። ሰንሰለቱን የያዘው የወረቀት ውል ሳይሆን መተዋወቅና የጎሳ ዋስትና ነው። መርከቡ ሲመለስ ወይም ወደቡ ሲዘጋ መሀል ላይ ያለው ነጋዴ ከሁለቱም ወገን ይያዛል፤ ከላይ አልተከፈለውም፣ ከታች ግን ይጠየቃል።

በዚህ ጊዜ ጠፍቶ መሰንበት ከገንዘቡ የበለጠ ኪሳራ ነው፤ በሚቀጥለው ወቅት የሚያምነው አይኖርምና። የቆዩ ነጋዴዎች ባለዕዳቸውንም ባለገንዘባቸውንም ሽማግሌ ባለበት ያገናኛሉ፤ ካለው ላይ ለሁሉም በየድርሻው ይከፍላሉ፤ የቀረውን በቀን ቆርጠው ያስጽፋሉ። ለአንዱ ሙሉውን ከፍሎ ሌላውን ማስቀየም ኋላ ጠብ ያመጣል።

ገንዘቡ በየትኛው ኪስ ይቀመጥ?

የሃርጌሳ ነጋዴ በሦስት ገንዘብ ይሠራል፦ በዶላር፣ በሶማሌላንድ ሽልንግና ከቶጎ ውጫሌ ወዲያ በብር። ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበት ሽልንግ ትልቁ ኖቱ 5,000 ሲሆን አንድ ዶላር አይሞላም። ቴሌሶም በ2009 የጀመረው የዛድ አገልግሎት ደግሞ ዶላርን በስልክ መላክን የዕለት ተዕለት ነገር አድርጎታል።

ብርን በተመለከተ ትልቁ ትምህርት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ሲለቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በድንበር ያለው የጥቁር ገበያ ዋጋ ቀድሞም ከባንኩ ርቆ ስለነበር ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ሆኖም በዶላር ገዝቶ በብር ዱቤ የሚሸጥ ሰው የምንዛሪውን አደጋ ብቻውን እንደሚሸከም ግልጽ ሆነ። ዱቤው የሚመለስበት ገንዘብ ዕቃው ከተገዛበት ገንዘብ ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል።

ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ቦታ ማስቀመጥም አደጋ ነው። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት፣ በረመዳን ዋዜማ፣ የሃርጌሳ ዋሂን ገበያ ሲቃጠል ብዙ ነጋዴዎች ዕቃቸውን፣ ጥሬ ገንዘባቸውንና የዱቤ መዝገባቸውን አብረው አጡ። አብዛኞቹ መድን አልነበራቸውም። የዱቤ መዝገብን በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰብ መላክ ምንም አያስወጣም።

ከድንበር ወዲያ፦ ግብርና ደረሰኝ

በኢትዮጵያ በኩል የተመዘገበ ነጋዴ ሁኔታው ይለያል። እዚያ የንግድ ገቢ ግብር የሚሰላው የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው በትርፉ ላይ ነው፤ መዝገብ ለማይይዝ አነስተኛ ግብር ከፋይ ግን በሽያጩ ግምት ላይ ይቆረጣል። በመዝገብ የተረጋገጠ ኪሳራ፣ በሕጉ በተወሰነው መሠረት፣ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ በመጥፎ ዓመት መዝገብ መያዝ ከደህና ዓመት ይልቅ ይጠቅማል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስለተሻሻለ፣ የቀድሞ ደረጃውን ይዞ የቆየ ሰው አሁን በየትኛው ደረጃ እንዳለ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት። ሥራ ቆሟል ብሎ አለማስታወቅ ቅጣትና ወለድ ያስከትላል።

በሁለቱም ወገን የተከፈለበት ደረሰኝ መያዝ አለበት። ደረሰኝ የሌለው ነጋዴ በሚቀጥለው ኬላ ዳግም ሲጠየቅ መከራከሪያ የለውም፤ ወጪውንም በሒሳቡ ማስያዝ አይችልም።

ዘካ ሲሰላ

ለርቢ የተያዘ የበግ መንጋ 40 ሲደርስ አንድ በግ ይወጣለታል። ለንግድ የተገዛ በግ ግን እንደ ሸቀጥ ይታሰባል፤ ኒሳብ ሞልቶ ዓመቱ ሲደርስ ከዋጋው 2.5 በመቶ ይወጣል። ብዙ ዑለሞች እንደሚሉት የሚታየው የዕለቱ የገበያ ዋጋ እንጂ የተገዛበት አይደለም። ገበያው በወደቀበት ዓመት በውድ የገዛ ሰው ይህን ሳያውቅ ከሚገባው በላይ ያሰላል። መመለሱ የሚያጠራጥር ዱቤ ግን እንደ መዝሀቡ ስለሚለያይ ሼኽ መጠየቅ ይገባል።

ለሚመጡት ዓመታት

ዒድ አል-አድሓ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። በ2026 በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከጉ ዝናብ በኋላ ይውላል፤ ሣር አለ፣ በጉም ወፍራም ነው። በ2033 ግን መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በጂላል ድርቅ መጨረሻ ይደርሳል። ያኔ ለሐጅ የሚላከው በግ የሚደልበው በተገዛ መኖ ነው፤ አሁን 3 ዶላር የተባለው የመኖ ወጪ በዚያ ጊዜ አይበቃም። በዛሬው ወቅት ከሚገኘው ትርፍ ላይ ጥቂት እየቀነሰ ለመኖ የሚያስቀምጥ ነጋዴ፣ ያ ዓመት ሲመጣ በዱቤ መኖ ከሚገዛው ይልቅ ቆሞ የመሸጥ ዕድል ይኖረዋል።