ለአንድ ዓይነት የረጋ ደም በየአገሩ የተለያየ ቀዶ ሕክምና

በእግር ጥልቅ ደም መልሶች ውስጥ የሚረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ባለበት ከቆየ ደግሞ የሥሩን ቫልቮች አበላሽቶ እግርን ለዓመታት ያሳብጣል፣ ያቆስላል። በየትኛውም አገር ቀዳሚው ሕክምና ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው። የአገሮች ልዩነት የሚታየው የረጋው ደም ከጭን አልፎ እስከ ዳሌ ሲዘልቅ ነው።

የረጋ ደምን በቀዶ ማውጣት በጀርመን የተሞከረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ሥራውን ያቀለለው አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ባለ ፊኛ ቀጭን ቱቦ ነው። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ሥሩን ከፍቶ ቱቦውን ከረጋው ደም አሻግሮ ያስገባል፤ ፊኛውን ነፍቶ ቀስ እያለ ሲስበው ደሙ አብሮ ይወጣል። ባት ውስጥ ያለው የሚወጣው እግሩን ከጣቶች ጀምሮ በላስቲክ ፋሻ ወደ ላይ አጥብቆ በመጠቅለል ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ1968 የታተመ ክትትል የታከሙት ሰዎች እግር ከዓመታት በኋላም እንደሚያብጥ ሲያሳይ፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች ዘዴውን ተዉት። የታዩት ታካሚዎች ግን በጣም ጥቂት ስለነበሩ ፍርዱ የችኮላ ነበር ማለት ይቻላል። የስዊድንና የጀርመን ሐኪሞች ዘዴውን ማሻሻሉን መረጡ። ብሽሽት አካባቢ ያለን ትንሽ ደም መልስ ለጊዜው ከደም ቅዳ ጋር ሰፍተው በማገናኘት፣ በተጠረገው ሥር ደም በፍጥነት እንዲፈስና ሥሩ ዳግም እንዳይደፈን አደረጉ። በ1984 በወጣ የስዊድን ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ምንም ምልክት ያልታየባቸው፣ ከቀዶ ታካሚዎች 42 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 7 በመቶ ነበሩ። ይህም ጥናት ቢሆን ትንሽ ነበር።

አሜሪካ በበኩሏ ያበዛችው ሌላ መሣሪያ ነው፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ እንዳያልፍ በሆድ ውስጥ ባለው ትልቁ ደም መልስ የሚቀመጥ የብረት ማጥለያ። ለ2012 በተሠራ ግምት፣ የአሜሪካ አጠቃቀም ተመጣጣኝ ሕዝብ ካላቸው አምስት ትልልቅ የአውሮፓ አገሮች ድምር ወደ 25 እጥፍ ይበልጥ ነበር። የሰዎቹ ደም በሁለቱም በኩል የሚረጋው በአንድ መንገድ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ልዩነት በበሽታው ጠባይ ሊገለጽ አይችልም። በ1998 የወጣ፣ 400 ታካሚዎችን ያካተተ የፈረንሳይ ጥናት ማጥለያው ሳንባ የሚደርሰውን መቀነሱን፣ ነገር ግን እግር ላይ ዳግም የሚረጋውን መጨመሩንና ሞትን አለመቀነሱን አሳይቶ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2010 ማጥለያው አስፈላጊነቱ ሲያበቃ እንዲወጣ አሳስቧል።

ኋላ ላይ የረጋውን ደም በቱቦ በሚገባ መድኃኒት ማሟሟት መጣ። ውጤቱ ግን አሁንም አንድ አልሆነም፤ በ2012 የወጣው የኖርዌይ ጥናት ዘዴውን ሲደግፍ፣ በ2017 የወጣውና ወደ 700 ታካሚዎችን ያካተተው የአሜሪካ ጥናት ደም መፍሰስን እንደሚጨምርና የቆየውን የእግር ሕመም በጥቅሉ እንደማይቀንስ አሳየ። ክፍት ቀዶ ጥገና ዛሬ በዋናነት የሚቀረው እግራቸውን ለማጣት ለተቃረቡና ማሟሟያ ሊሰጣቸው ለማይችል ሕሙማን ነው።