እግር ኳስ በአሜሪካ ገበያ ያገኝ ይሆን?

በብቸናም ሆነ በሞጣ ልብስ የሚሸጥ ባለሱቅ የአርሴናልንና የማንችስተር ዩናይትድን ማሊያ ማን እንደሚገዛው አስቀድሞ ያውቃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የአንድ አሜሪካዊ ቡድን ሮዝ ማሊያ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ሆኖአል፤ ይኸውም ሊዮኔል ሜሲ በ2023 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ኢንተር ማያሚ በመግባቱ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሜሪካውያን በእውነት የእግር ኳስ ተመልካቾች ሆነዋልን? የሚለው ጥያቄ ገንዘቡን በዕቃው ላይ ለሚያውል ነጋዴ የጨዋታ ወሬ ብቻ አይደለም።

አሜሪካውያን ጨዋታውን የማያውቁ ሕዝብ አይደሉም። በ1930 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል፤ በ1950 ብራዚል ላይ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፈዋል፤ ሴቶቻቸውም የዓለምን ዋንጫ 4 ጊዜ ወስደዋል። የጎደለው ተጫዋች ሳይሆን ገንዘብ ከፍሎ የሚያይ ሰው ነበር። ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስና በእጅ የሚያዘው የአሜሪካ ፉትቦል የዓመቱን ወራት ተከፋፍለው ቀድመው ይዘውታል። ደንበኛው ሁሉ በተያዘበት ገበያ አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው ይህን ችግር ያለ አስረጂ ይገነዘበዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ቴሌቪዥን ነው። በዚያ አገር ስፖርት የሚያሳዩ ጣቢያዎች ከማስታወቂያ ትልቅ ገቢ የሚያገኙ ሲሆን፣ የአሜሪካ ፉትቦል በየደቂቃው ስለሚቆም ለማስታወቂያ የተመቸ ነው። እግር ኳስ ግን 45 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይሄዳል። በ1967 አንድ ዳኛ በአንድ ጨዋታ ከጠራቸው 21 ጥፋቶች ውስጥ 11ዱ ለማስታወቂያ ጊዜ ለመስጠት ሲባል የተጠሩ መሆናቸውን ተናግሮ ነበር። ዕቃውን ለማስተዋወቅ ሲባል ዕቃውን ማበላሸት ማለት ይህ ነው!

ከዚያም በ1975 ታላቁ ፔሌ ወደ ኒው ዮርክ ኮስሞስ መጣ። በ1977 አንድ ጨዋታ 77,691 ሰው ተመለከተው። ነገር ግን ሰው የመጣው ለፔሌ እንጂ ለጨዋታው ስላልነበረ፣ እርሱ ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰዉ ቀነሰ፤ ወጪው ግን አልቀነሰም፤ ማኅበሩም ከ1984 ውድድር በኋላ ፈረሰ።

በ1994 አሜሪካ ያዘጋጀችውን የዓለም ዋንጫ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ሰው በስታዲየም ተመለከተ። በ1996 የተጀመረው አዲሱ ሊግ ከአለፈው ስሕተት ተምሮ የተጫዋቾችን ውል በማዕከል ያዘ፤ ሰባ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ተከራይቶ ወንበሩን ባዶ ከማየት ይልቅም ቡድኖቹ ከ1999 ጀምሮ በልካቸው ሃያ ሺህ ያህል ሰው የሚይዙ ስታዲየሞችን መሥራት ጀመሩ። በ10 ቡድኖች የተጀመረው ሊግ በ2025 30 ደረሰ። ሆኖም በ2022 ለሊጉ ስርጭት የተፈረመው ውል በዓመት ቢያንስ 250 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የአሜሪካ ፉትቦል በ2021 የተፈራረመው ወደ 10 ሺህ ሚሊዮን ይጠጋል። ከዚህ የተነሣ እግር ኳስ በዚያ አገር ጥሩ ሱቅ አገኘ እንጂ ገበያውን አልያዘም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለላኪው ነጋዴ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ሌላ ነው። በ1962 በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች አገር ልጆች፣ ባሕር ቢሻገሩም ኳሱን አልተዉም። በ1984፣ የኮስሞስ ሊግ ባከተመበት ዓመት፣ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ በሰኔ መጨረሻ ግድም በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የአንድ ሳምንት ውድድር የዘመድና የወዳጅ መገናኛ፣ በሜዳው ዙሪያም የእንጀራ፣ የቡናና የሐበሻ ቀሚስ ገበያ ነው። እዚያ ግማሹ ተመልካች ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ሲጨዋወት ቢገኝ አያስደንቅም፤ ይህም ለሻጩ አይከፋም። በርበሬ፣ ሽሮ ወይም የሸማኔ ሥራ የሚልክ ሰው ዕቃው ከሰኔ አስቀድሞ እንዲደርስ ማሰብ ይገባዋል፤ ሐምሌ ላይ የደረሰ ቀሚስ ዓመት ይጠብቃል።

የብቸናውና የሞጣው ባለሱቅ ደግሞ ሮዙን ማሊያ የሚገዛው ሰው ቡድኑን ሳይሆን የተጫዋቹን ስም የሚገዛ መሆኑን ይመልከት። የአርሴናል ማሊያ ተጫዋቹ ቢለወጥም ይሸጣል፤ የሜሲ ስም ያለበት ግን ሜሲ መጫወት ሲያቆም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያዘዘ፣ ያዘዘውን ሳይጨርስ ሌላ ባይጨምር ይሻለዋል።