ብረት ለበስ መኪናን በፕላስቲክ አሳንሶ ስለ መሥራት



በዕረፍት ጊዜ ከሚሠሩት የእጅ ሥራዎች አንዱ፥ በጦርነት ላይ የዋሉትን ብረት ለበስ መኪናዎች በፕላስቲክ አሳንሶ መሥራት ነው። ይህን የልጆች ጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚገምት ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን በትክክል የሠራው ሰው በንባብ ብቻ የማይገኘውን ትምህርት በጣቶቹ ያገኛል። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ላይ ያሰለፏትን «ሲ.ቪ. 35» የተባለችውን ትንሽ ታንክ እንመልከት።

ይህች ታንክ ሁለት ወታደሮች የምትይዝ ስትሆን፥ ክብደቷ ከ3 ቶን ጥቂት የሚበልጥ፥ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፥ ቁመቷም 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ሥራ እጅግ የተለመደው ልክ 1 ለ 35 ስለሆነ፥ ርዝመቷ ለ35 ሲካፈል 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመዳፍ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው።

ሥራው ሲጀመር፥ ክፍሎቹ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የፋብሪካው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም በደንብ አይይዝምና። ክፍሎቹ በመቁረጫ ጉጠት ይቆረጣሉ እንጂ በእጅ አይገነጠሉም፤ የቀረውም ጠባሳ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከማጣበቅ አስቀድሞ ክፍሎቹን አገናኝቶ መሞከር ይገባል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋሕድ ስለሆነ፥ የተሳሳተው በኋላ በደኅና አይላቀቅም። ሽታውም ጎጂ ነውና መስኮት ይከፈት። ቀለም ሲቀባ ስስ እየሆነ ይደጋገም፤ ወፍራም ከሆነ ደቃቁን ቅርጽ ሁሉ ይደፍናል።

ሥራው ሲያልቅ ምስሏን አዙራችሁ ተመልከቱ። በራሷ ላይ የሚዞር ማማ የላትም። ሁለቱ መትረየሶቿ ወደ ፊት ያያሉ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩትም በጥቂቱ ነው። ጎኗና ጀርባዋ ያለ መከላከያ መሣሪያ ቀርቷል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር በደምበጉና በር የልዑል ራስ እምሩ ጦር እንደነዚህ ያሉትን ታንኮች በገጠመ ጊዜ፥ ወታደሮቹ ቀርበው ከላያቸው እስከ መውጣት የደረሱት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል ነበር አይባልም፤ ወደ ጎኗ ለመድረስ አስቀድሞ በመትረየስ ፊት ማለፍ ግድ ነበርና።

በመጨረሻ በዚያው ልክ የተሠራ አንድ የሰው ምስል ከአጠገቧ አቁሙ። ሰውየው 5 ሳንቲ ሜትር፥ ታንኳ ግን ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች ናት። ልጆቻችሁ ይህን አይተው የሚጠይቋችሁ ጥያቄ ይኖራል፤ የዚያን ጊዜ የአባቶቻቸውን ታሪክ ንገሯቸው።