የሽሮ ሒሳብ

አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፍ ላይ አስቀምጦ እፍ ቢሏት የት እንደገባች አትታወቅም። ሺህ ፍሬ ተለቅሞ ቢመዘን ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም ብቻ ይሆናል። በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ፍሬ አለ ማለት ነው። አንድ እንጀራ 150 ግራም ዱቄት ይወስዳል ብንል ምጣዱ ላይ የፈሰሰው ሊጥ ከ400 ሺህ በላይ ፍሬ ነበር። ሳይበላና ሳይተኛ በየሴኮንዱ አንድ ፍሬ የሚቆጥር ሰው ቢገኝ አንዷን እንጀራ ቆጥሮ ለመጨረስ አምስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በቀን ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ፍሬ ይበላል።

ይህ ትንሽነት ለጤናችን ትልቅ ውለታ ውሏል። ስንዴ ሲፈጭ ፉሩሽካው ለከብት ይወጣና ነጩ ፉርኖ ዱቄት ለሰው ይቀራል። ጤፍ ግን ከማነሷ የተነሳ ልባሷን ከውስጧ መለየት አይሞከርም፤ ነጩም ቀዩም ሠርገኛውም ከነልባሱ ይፈጫል። የዚህን ዋጋ ለማየት በፈረንጆች 2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣውን ጥናት ማንበብ ይበቃል። ጥናቱ 195 አገሮችን ተመልክቶ በ2017 ብቻ 11 ሚሊዮን ሰው ከአመጋገብ ጉድለት ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞተ አስልቷል። ትምባሆ ከሚገድለው ይበልጣል። ከዚህ ሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የያዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጨው ማብዛት፣ ያልተፈተገ እህል ማጣትና ፍራፍሬ አለመብላት። ከሦስቱ አንዱን እንጀራ በላተኛው ምንም ሳያስብበት አልፎታል።

ያ ልባስ ሆድ ውስጥ ሲደርስ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ፣ በተለይ በትልቁ አንጀት፣ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል፤ የራሳችን ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። እኛ የማንፈጨውን አሰር የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ በልተውም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይመልሱልናል። ነጭ ዳቦና ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው እነዚህን ሁሉ አስርቦ ያድራል።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። ሽምብራው ወይም አተሩ ይለቀማል፣ ይቆላል፣ ይከካል፤ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ተመጥኖ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የሽሮ ዱቄት ለአንድ ሰው 60 ግራም ቢበቃ፣ እሱ ብቻ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። 150 ግራሙ የጤፍ ዱቄት 16 ግራም ያህል ይጨምራል። በድምሩ 28 ግራም ማለት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላይ ነው፤ ያውም በአንድ ማዕድ፣ ያለ ቁራጭ ሥጋ። ከዚህም በላይ እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ያሟላል፣ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ ይመልሳል። ላቦራቶሪ ሳይኖር ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ያገናኟቸው እናቶቻችን ናቸው፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማሳው ላይ ያለው ነው። ፕሮቲን ያለ ናይትሮጂን አይሠራም። ናይትሮጂን ደግሞ አየሩን ሞልቶታል፦ ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ቢልም እንኳ በአንድ ሄክታር መሬት አናት ላይ ባለው አየር ውስጥ ከ50 ሺህ ቶን በላይ ናይትሮጂን አለ። በኩንታል ግማሽ ሚሊዮን መሆኑ ነው። ጤፉም ስንዴውም በዚህ ሀብት ሥር ቆሞ በናይትሮጂን ረሃብ ቢጫ ይሆናል፤ በአየር መልኩ ሊጠቀምበት አይችልምና። የሰው ልጅ ይህን ጋዝ ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከተፈጥሮው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ግፊት ያስፈልገዋል። እኛም የዚያን ፋብሪካ ውጤት በዶላር ገዝተን፣ በመርከብ ጅቡቲ አድርሰን፣ በከባድ መኪና እስከ ወረዳ እንጭናለን።

በነሐሴ አንድ የባቄላ ተክል በቀስታ ከነሥሩ ቢነቀልና አፈሩ ቢራገፍ ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ተደርድረው ይታያሉ። አንዱ በጥፍር ቢሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ይላል። ቀለሙን የሰጠው በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ፣ ብረት ያዘለ ፕሮቲን ነው። በዚያ እባጭ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ፋብሪካው በእሳትና በግፊት የሚሠራውን ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል። ደህና የያዘ የባቄላ ማሳ በአንድ ወቅት በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጂን ከአየር ሊወስድ ይችላል። 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 23 ኪሎ ብቻ ነው። ከአራት ጆንያ በላይ ማለት ነው፣ ያለ መርከብና ያለ ዕዳ። አብዛኛው ከፍሬው ጋር ወደ ጎተራ ይሄዳል፣ ሆኖም የሚቀረው ለቀጣዩ ጤፍ ይደርሳል። የአድአ ገበሬ ጤፍንና ሽምብራን የሚያፈራርቀው አፈሩን ስለሚያውቅ ነው።

ከሥጋው ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። የኦክስፎርዱ ጆሴፍ ፑርና ባልደረባው ቶማስ ኔሜቼክ በፈረንጆች 2018 ባሳተሙት ጥናት ከ119 አገሮች ወደ 38,700 የሚጠጉ እርሻዎችን መረጃ አሰባስበው ነበር። ባገኙት አማካይ መሠረት፣ ለሥጋ ብቻ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት 164 ካሬ ሜትር መሬት ያስፈልጋል፤ ከአተር ከሆነ 3.4 ካሬ ሜትር። አንዱ የሙሉ ግቢ ስፋት ነው፣ ሌላው የአንድ አልጋ ምንጣፍ አያህልም። የሚለቁት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልዩነት ደግሞ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ያለብኝ ይመስለኛል። ይህ አማካይ የሐበሻን በሬ ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። የእኛ በሬ ጭድ በልቶ ያርሳል፣ ያበራያል፣ ኩበት ይሰጣል፤ በቦረናና በሶማሌ ደረቅ ምድር ደግሞ እህል በማይበቅልበት ቦታ ሣሩን ወደ ወተት የሚለውጠው ከብቱና ግመሉ ነው። አርብቶ አደሩን በዚህ ቁጥር መክሰስ ግፍ ነው። ቁጥሩ የሚመለከተው መምረጥ የሚችለውን፣ ሥጋ በየቀኑ ማዘዝ የጀመረውን ከተሜ ነው።

ደግሞም ምርጫ በሕዝብ ብዛት ሲባዛ ምን እንደሚያህል ለማየት ከኢትዮጵያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በእኛ አቆጣጠር የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 32 ሚሊዮን ያህል ኦርቶዶክሳውያን መዝግቧል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታው፣ የነቢያትና የሐዋርያቱ ጾም፣ ነነዌው ሲደመሩ አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባል። ካህናቱ እስከ 250 ይደርሳሉ። ሕፃናቱን፣ ሕመምተኞቹንና የማይጾሙትን ቀንሰን ግማሹን ብቻ እንውሰድ፦ 16 ሚሊዮን ሲባዛ በ180፣ 2 ቢሊዮን 880 ሚሊዮን የጾም ቀን። በየዓመቱ። ያውም በዚያን ጊዜው የሕዝብ ቁጥር።

እነዚህን ቀናት እንደ አሜሪካኖች ብንበላባቸውስ? አንድ አሜሪካዊ በዓመት ወደ 120 ኪሎ፣ በቀን 330 ግራም ገደማ ሥጋ ይደርሰዋል። ለ2 ቢሊዮን 880 ሚሊዮን ቀን ከ900 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ይሆናል። የእኛ አገር ከብት ታርዶ በአማካይ 110 ኪሎ ያህል ሥጋ ይሰጣል። ሥጋው ሁሉ የከብት ቢሆን በየዓመቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት ይታረድ ነበር፤ በአገሪቱ ካለው ወደ 70 ሚሊዮን ከብት ከስምንት አንዱ፣ ለጾም ቀናት ብቻ። ይህን ያስቀረው አዋጅ ወይም ዘመቻ አይደለም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ክክ ነው። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱም ቢሆን አብዛኛውን የሥራ ቀኑን የሚያሳልፈው በዚሁ ድስት ነው።

የጾም ምግብ ሁሉ ግን ጤና ነው ማለት አይደለም። ሱቅ የምንገዛው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። በአምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ 40 ሺህ ካሎሪ ገደማ አለ፤ አንድ ጎልማሳ በሃያ ቀን የሚበላውን ምግብ ሁሉ ያህላል። ወጡ ላይ ዘይቱ ሲንሳፈፍ የሚንሳፈፈው የቀናት ምግብ ነው። ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የፈቀደው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። አምስት ጎልማሶች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው፣ ሽሮው ውስጥ የተመጠነውና ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ቢያንስ አርባ ቀን መቆየት አለበት። የገዛችሁበትን ቀን ፓኬቱ ላይ ጻፉበት።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። በፈረንጆች 2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ለእነዚህ ልጆች እንቁላልና ወተት ቅንጦት አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከጥራጥሬ አይገኝም፤ የሕፃን ሆድም የሚበቃውን ያህል ሽሮ የሚይዝ ስፋት የለውም። የጾም ሕግ ሕፃናትን አያስገድድም። ሆኖም ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉ ሳይቀቀልለት ሁዳዴን የሚያልፍ ልጅ ብዙ ነው። አንድ ትንሽ ድስት ለልጁ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ይፈታዋል። ከሥጋውና ከወተቱ ድርሻ የሚጨመርለት ሰው ካለ እሱ ነው፣ እናቱም ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆነች እሷ።

የተቀረነው ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ አባል ነን። በነፍስ ወከፍ የምንበላው ሥጋ በዓመት 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ገቢ ሲያድግ እያንዳንዳችን 10 ኪሎ ሥጋ እንጨምር ብንል በየዓመቱ ወደ 11 ሚሊዮን ተጨማሪ ከብት መታረድ አለበት፤ መኖውን የሚያበቅል መሬት ከየት እንደሚመጣ አይታየኝም። በምትኩ 10 ኪሎ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ምስር ብንጨምር ፕሮቲኑ ከሥጋው አያንስም። በሄክታር 20 ኩንታል ሒሳብ 600 ሺህ ሄክታር ይበቃዋል፤ ከፊሉም ዝናቡ ሊወጣ ሲል በመረሬ መሬት ላይ፣ አፈሩ በቋጠረው እርጥበት ብቻ የሚበቅል ሽምብራ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ማሳ ከአየር ከሚወስደው ናይትሮጂን ሲሶው እንኳ አፈሩ ውስጥ ቢቀር ወደ 870 ሺህ ጆንያ ዩሪያ ነው።