መልኩ አንድ፣ ጉልበቱ ሁለት

ሽጉጥ ሲተኮስ ቀልሃው ውስጥ ያለው ባሩድ በቅጽበት ነዶ ጋዝ ይሆናል። እርሳሱን ገፍቶ የሚያስወጣውም፣ የሽጉጡን ብረት የሚፈትነውም የዚህ ጋዝ ግፊት ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ሲይዝ፣ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም በሚባለው የሉገር ጥይት የሚፈቀደው ጣሪያ 2350 ባር ነው። ብረቱ ያረጀ ወይም ከጅምሩ ስስ የሆነ ሽጉጥ ይህን ስለማይችል ግፊቱ የተቀነሰ ጥይት ይሠራለታል።

በስድስት ጎራሽ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጥይቶቹ የተሰኩበትን ክብ ብረት የሚያዞረው የተኳሹ ጣት ስለሆነ ለዘብ ያለ ጥይትም ይበቃዋል። በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን ባዶውን ቀልሃ የሚተፋውና ከካዝናው ሌላ የሚያጎርሰው የተኩሱ ርግጫ ነው። ርግጫው አንሶ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ሞላውን ተጭኖ እስከ ኋላ ካልሄደ ሽጉጡ ይነክሳል። ሞላው ለለዘበ ጥይት ተብሎ ከተቀየረ ደግሞ ኃይለኛ ጥይት ሲገባበት ብረቱ ራሱን ይደበድባል።

ለምሳሌ በ1933 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን ሠራዊት ከሚታጠቃቸው ሽጉጦች አንዱ እ.ኤ.አ. የ1910 ሞዴሉ ግሊሴንቲ ነበር። የአካሉ ግራ ጎን በብሎን የሚያዝ ተነቃይ ክዳን ስለሆነ ጠንካራ ምት አይችልም። ስለዚህም ጣሊያኖች ከፓራቤለሙ ባሩድ ቀንሰው የራሱን ጥይት ሠሩለት፤ የቀልሃውን መጠን ግን እንዳለ ተዉት። ቁመቱን ትንሽ ቢለውጡት ኖሮ የሁለቱ ጥይቶች መምታታት ባልመጣ ነበር። ግሊሴንቲ ፓራቤለምን ያለ ምንም ማንገራገር ይጎርሳል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከተተኮሰ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1938 ለቤሬታ ንዑስ መትረየስ ሌላ ኃይለኛ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ወጣ። በአንድ ሠራዊት እጅ መልካቸው አንድ፣ ጉልበታቸው የተለያየ ጥይቶች ተገናኙ ማለት ነው።

ጥይት ሳይታሰብም ይደክማል። በመተማና በቋራ ቆላ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዓመታት የከረመ ባሩድ ይበላሻል። ይህ ግን ለአሮጌ ሽጉጥ የሚበጅ ልዝበት አይደለም፤ አንዱ ጥይት ይከሽፋል፣ አንዱ በደካማው ይነዳል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ሊገፋ ይችላል። ክፉው በደካማው የሚነደው ነው። ድምፁ ታፍኖ፣ ርግጫው ቀንሶ ከተሰማ እርሳሱ ከአፈሙዝ ሳይወጣ መሐል ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጥይት ሲተኮስ ብረቱ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ቃታው ዳግም አይሳብም፤ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር ጥቂት ተጠብቆ ካዝናው ይወጣል፣ የጎረሰው ጥይት ይራገፋል፣ ከዚያም ባለሙያ ቦዩ ክፍት መሆኑን ያያል።