ስለ «ሰው ሀብት ልማት» እና ስለ «ሥልጠና ኃላፊ» ስያሜዎች

በድርጅት ውስጥ ሠራተኞችን የማሠልጠንና የማብቃት ተግባር የሚመራው ሰው በአማርኛ ምን ተብሎ ሊጠራ ይገባዋል? ጥያቄው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጠረጴዛ የማያልፍ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትርጉም ሥራ እንድመረምር በተሰጠኝ ጊዜ፣ የሥልጠና ክፍሉን የሚመራው ሰው የሥራ መደብ «ሠልጣኝ ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ አገኘሁት። ሌሎችን ሊያሠለጥን የተቀጠረው ሰው፣ በአማርኛው የቅጥር ደብዳቤ፣ ራሱ ገና ሥራ የሚለማመድ ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ የደመወዙም እርከን ስያሜውን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ነበር። ተርጓሚው ቃላቱን በየራሳቸው አልሳተም፤ የሳተው አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና ነው።

የነገሩ ሥር «ሠለጠነ» የሚለው ግሥ ነው። በግእዝ «ሥልጣን» ኃይልና ገዥነት ነው፤ የዐረብኛው «ሱልጣን» ዘመዱ ነው። አማርኛ ይህን ፍሬ ነገር ተቀብሎ በሦስት ጎዳና አስኬደው፤ በሹመት «ሥልጣን»፣ በአኗኗር «ሥልጣኔ»፣ በሙያ «ሥልጠና» አለው። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው በአንድ ነገር ላይ የበላይነትን ማግኘት ነው። «ሠለጠነበት» ስንል ሥራውን ተካነበት ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውን ተጫነው፣ ገዛው ማለታችንም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ሠለጠነ የሚባለው ሙያውን የገዛ እንጂ ትምህርቱን ሰምቶ የወጣ ሁሉ አይደለምና፣ «ሥልጠና» ለጽንሰ ሐሳቡ እጅግ የተስማማ ቃል ነው እላለሁ። ከግሡ የሚወጡት ስሞችም ድርሻቸው የተለየ ነው፤ ተቀባዩ «ሠልጣኝ»፣ ሰጪው «አሠልጣኝ»፣ ቦታው «ማሠልጠኛ» ይባላል። ይሁን እንጂ «አሠልጣኝ» ወደ ኳስ ሜዳ እያደላ ስለ ሄደ፣ ብቻውን ሲነገር ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው በመስመሩ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ሰው ነው።

«ልማት» የበለጠ ያስቸግራል። የሰው ሀብት ልማት የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሊዮናርድ ናድለር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ሦስት ነገሮችን ይለያል፤ ሠራተኛው አሁን ለያዘው ሥራ የሚሰጠውን፣ ወደፊት ለሚይዘው ሥራ የሚያዘጋጀውንና ከተወሰነ ሥራ ጋር ሳይያያዝ ሰውየውን የሚያሳድገውን። ለመጀመሪያው «ሥልጠና»፣ ለሁለተኛው «ትምህርት» ያለ ክርክር ይገባሉ። ለሦስተኛው ግን እንግሊዝኛው የጠቅላላውን ስም ደግሞ ስለሚጠቀም፣ ተርጓሚዎቻችን አንድም በሁለቱም ቦታ «ልማት» ይላሉ፣ አንድም «ዕድገት»ን ይመርጣሉ። «ዕድገት» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የደረጃ ዕድገት ነው። «ለዕድገት መርሐ ግብር ተመርጠሃል» የተባለ ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ ቢጠብቅ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ጠቅላላው «ልማት»፣ ሦስተኛው ክፍል «ማጎልበት» ቢባል ይሻላል። ልማት ለመሬትና ለአዝመራ እንጂ ለሰው አይባልም የሚሉ አሉ፤ ልጆቻቸውን «ለማ» እና «ይልማ» ብለው ለሚሰይሙ ሰዎች ይህ ክርክር አያሳምንም።

«የሰው ሀብት» በበኩሉ አንድ ወጥመድ አለበት። በአማርኛ «የሰው» ማለት ብዙ ጊዜ «የሌላ ሰው» ማለት ነው፤ የሰው ገንዘብ፣ የሰው አገር፣ የሰው ልጅ እንደምንለው። ስያሜውን ቀድሞ ያልለመደ አድማጭ «የሰው ሀብት ልማት» ሲባል የሌላውን ንብረት ማልማት ነው ብሎ ቢረዳ ቋንቋው ይፈቅድለታል። «ሰብአዊ ሀብት» ይባል የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ «ሰብአዊ» በመብትና በርኅራኄ ተይዟል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው «የሰው ኃይል» ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ሆኖም ቁጥርንና ጉልበትን እንጂ በሰውየው ውስጥ ያለውን ችሎታ አያመለክትም። በዚህ ረገድ «ሀብት» ይበልጣል፤ ከ«ወሀበ» የወጣ ስለሆነ በግእዝ ስጦታ ማለት ነውና። መንግሥትም በ2008 ዓ.ም. «የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር» ብሎ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ስያሜውን አጽድቆታል። በዚያ ስም ውስጥ ግማሹ በተውሶ መቅረቱን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልሁም። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ስም ብዙ አልቆየም፤ ቃሉ ግን ቆይቷል። እንግዲህ «የሰው ኃይል»ን ስለ ቁጥርና ስለ ምደባ ስንናገር፣ «የሰው ሀብት»ን ስለ ችሎታና ስለ አያያዝ ስንናገር ብንለያቸው ሁለቱም ሥራ ያገኛሉ።

የሚቀረው የሹሙ ስያሜ ነው። «ሥራ አስኪያጅ» ውብ ቃል ነው፤ «ሄደ» ያጣትን የግእዙን የ«ኬደ»ን «ከ» ይዞ፣ ሥራው እንዲሄድ የሚያደርግ ማለት ነው። ልማዱ ግን ለድርጅት ወይም ለቅርንጫፍ የበላይ አድርጎታልና፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ በየክፍሉ ሥራ አስኪያጅ ማብዛት አንባቢን ያደናግራል። ለክፍል «ኃላፊ» ይበቃል፤ «የሥልጠና ኃላፊ» ቢባል፣ ከ«ሠልጣኝ»ም ከ«አሠልጣኝ»ም ይለያል። ትምህርቱ ለኃላፊዎቹ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ «የኃላፊዎች ሥልጠና» ይሆናል፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል መጠበቅ ብቻ ያስፈልጋል።

ተርጓሚዎች እጅግ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ግን «የሥራ መሪ» ነው። ይህ ሐረግ ለማንኛውም አለቃ የሚሆን ይመስላል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የራሱ ትርጓሜ ያለው የሕግ ቃል ነው፤ የሥራ መሪ የሆነ ሰው አዋጁ ለሠራተኞች ከሚሰጠው ጥበቃ ውጭ ነው። አንድ ሰው የሥራ መሪ መሆኑ የሚለየው በተሰጠው ሥልጣንና በሚያከናውነው ተግባር ነው፤ ቢሆንም ውሉ ላይ በትርጉም ምክንያት የገባ «የሥራ መሪ» የሚል ስያሜ፣ ስንብት በመጣ ጊዜ አሠሪው ቀድሞ የሚመዘው ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ምንጩ ጽሑፍ ሕጋዊውን ፍች የማይሻ ከሆነ፣ «የሥልጠና ኃላፊ» በሚባልበት ቦታ «የሥልጠና ሥራ መሪ» መግባት የለበትም።