ሊትሩን ሳይሆን ሴንቲ ሜትሩን

ምሥራቅ ጎጃም አምበር ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ መርካቶ መጥቶ ሃያ የኪችን ካቢኔት ቆሻሻ መጣያ ገዛ እንበል። የመረጠው ባለ 40 ሊትሩን ነው። ከባለ 30ው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ሲሆን ዕቃው ግን ተለቅ ያለ ነውና። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ሱቅ ደረሰ። የመጀመሪያው ደንበኛ ወስዶ በማግሥቱ መለሰው፤ የካቢኔቱ በር አልዘጋ ብሎታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነጋዴው የሚያጣው የገዛበትን ዋጋ ብቻ አይደለም። በዚያው ገንዘብ ምስማርና ቀለም ቢገዛበት ኖሮ እስካሁን ሁለት ሦስት ጊዜ ባዞረው ነበር።

ስሕተቱ የተጀመረው ሊትር በመቁጠሩ ነው። ካቢኔት ሊትር አያውቅም። የሚያውቀው ስፋት፣ ጥልቀትና ቁመት ነው፤ እሱም ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ የተለካ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የውጭ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካቢኔት ግራና ቀኙ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ከሆነ ውስጡ 41.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጣያው እንደ መሳቢያ የሚሳብ ዓይነት ሲሆን ደግሞ በሁለቱ ጎን የሚገጠሙት ባለ ኩሽኔታ ሐዲዶች እያንዳንዳቸው 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ይወስዳሉ። የሚተርፈው 38.9 ገደማ ነው። በሩ በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነም ማጠፊያው ወደ ውስጥ ገፋ ስለሚል ሌላ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። አናጺው ይህን ያውቃል፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ገዢው ደግሞ የሚጠይቀው ቀለሙን ነው።

ቁመቱ ላይ ያለው ጣጣ ይብሳል፤ አብዛኛው ሰው መጣያውን የሚያስገባው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነውና። 72 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካቢኔት ውስጡ 68 ያህል ነው። የማጠቢያው ገንዳ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይገባል፣ ከገንዳው ሥር ሲፎኑ አለ፣ ከኋላ የውሃ ቱቦዎቹ አሉ። መጣያው የማይሳብ ከሆነ ደግሞ ከአፉ በላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልጋል። በዚህ ቦታ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባልዲ መሸጥ ደንበኛን ማስቀየም ነው።

ሊትሩም ቢሆን ራሱ አያስተማምንም። ባልዲ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ አፉ 25 በ35፣ ሥሩ 21 በ31፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ አፉን ብቻ ለለካ ሰው 39 ሊትር ይመስላል፤ በእርግጥ የሚይዘው 34 ነው። ይህ ጥበት ግን ለነጋዴ በረከት አለው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ ሃያው ባልዲ የአምስቱን ያህል እንኳ ቦታ ላይዝ ይችላል። ተገጣጥሞ የሚመጣው ባለ ብረት ፍሬም ዕቃ ግን አየር ጭኖ የሚሄድ ስለሆነ ሳይገጣጠም በካርቶን የታሸገውን መግዛት የመጓጓዣውን ወጪ ይቀንሳል።

ለመሆኑ ቤተሰብ ምን ያህል መጣያ ይፈልጋል? መልሱ ያለው በራፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የሳምንቱን ቆሻሻ የሚያጠራቅመው በማዳበሪያ ነው፤ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ በረንዳ ወይም ደረጃ ሥር ይቀመጣል። የካቢኔቱ መጣያ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ማረፊያ እንጂ ጎተራ አይደለም። የእኛ ቤት ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ፣ እርጥብና ከባድ ነው፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ያደረ እንጀራ። 40 ሊትር ሙሉ ሆኖ ሦስተኛ ቀን ካደረ የሚሸተው ጓዳው ብቻ አይሆንም። በትንንሽ ከተሞችማ ልጣጩ ለበግና ለዶሮ ስለሚሄድ የሚጣለው ከዚያም ያንሳል። እንደ እኔ እምነት ከአንድ ትልቅ ባልዲ ይልቅ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች ጎን ለጎን የተሻለ ዕቃ ናቸው፤ አንዱ ለእርጥቡ፣ ሌላው ቆራሌው ለሚወስደው ሃይላንድና ቆርቆሮ።

በር ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ርካሽ ነው፤ ሲያዩትም ያምራል። ነገር ግን እርጥብ ቆሻሻ ሲሞላ ብዙ ኪሎ ስለሚመዝን ሸክሙን የሚችሉት የማጠፊያው ብሎኖች ናቸው። በሩ ችፕውድ ከሆነ ብሎኑ ቀዳዳውን እያሰፋ ይነቀላል። ከመጣያው የሚንጠባጠብ ውሃ ችፕውዱንም ኤምዲኤፉንም ያሳብጠዋል። ካቢኔቱ ከመጣያው ስንት እጥፍ እንደሚያወጣ ያወቀ ሰው ወለል ላይ በሐዲድ የሚቀመጠውን ይመርጣል።

አሁን ደግሞ ፌስታሉ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ብዙም አልሰማውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ተጠቃሚውንም ጭምር ይቀጣል። ስለዚህ አፉ ላይ ፌስታል ካልተጠለፈበት የማይሠራ መጣያ ማከማቸት አያዋጣም። የውስጥ ባልዲው ብድግ ብሎ የሚወጣ፣ እጀታ ያለው፣ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ በውሃ የሚለቀለቅ ይሁን።

ዋጋን በተመለከተ አገር ውስጥ የሚመረተው ባልዲም ቢሆን ከምንዛሪ አያመልጥም፤ የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነውና። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዓመቱን ዋጋ ይዞ መርካቶ መግባት ዋጋ የለውም። ሐዲዱ ግን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለብቻው ዋጋ ይጠየቅ። ዕቃው ሲመረጥ ባልዲውን ገልብጦ ሥሩን ማየት ነው፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን፣ 2 ቁጥር ካለ ጠንካራው ፖሊኤትሊን ነው፤ ሁለቱም ይሆናሉ።

የአምበሩ ነጋዴ ቀጣዩን ጭነት ከማዘዙ በፊት በከተማው ያሉትን አናጺዎች የሚሠሩትን ካቢኔት የውስጥ ስፋት ጠይቆ፣ አንድ ናሙና ብቻ ገዝቶ፣ እነሱው ዘንድ ወስዶ ገጥሞ ይሞክር። በሩ ከተዘጋ አሥራ ዘጠኙን ያስጭን።